ተምቹ ሲሞት በሽታው አብሮት አይሞትም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ተምች በወረደ ቁጥር የሚጻፈው ዜና መጨረሻው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ይህን ያህል ሄክታር ተወረረ፣ ይህን ያህል ሊትር መድኃኒት ተረጨ፣ ሕዝቡ ወጥቶ ለቀመ፣ ተምቹም ጠፋ። ርጭቱም ለቀማውም እውነት ነው። ከዜናው ሁልጊዜ የሚቀር አንድ ሌላ ገዳይ ግን አለ፤ ተምቹን ራሱን የሚይዘው የቫይረስ በሽታ። በዛፍም በሰብልም ላይ ያሉ አባጨጓሬዎችን በጅምላ ይጨርሳል፤ እነሱ ሲያልቁ ግን አብሮ አያልቅም። እስከሚቀጥለው ትውልድ የሚከርምበት ቦታ አለው። ያን ቦታ ባለማወቅ በጎጃም እርሻና ደን ውስጥ በነጻ የምናገኘውን ረዳት በእጃችን እያጠፋነው ነው ብለን ስለምናምን ይህን ደብዳቤ ጽፈናል።

መጀመሪያ በሽታውን በዓይን መለየት ያስፈልጋል። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ወደ ግጦሽ ሣር ወይም ወደ በቆሎ ማሳ ጠርዝ ብትወጡ ከሣሩ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ትል ታያላችሁ። በመካከለኛ እግሮቹ ሣሩን እንደያዘ ራሱና ጭራው ወደ ታች ወድቀዋል፤ ከሩቅ ሲታይ የ«ለ»ን ፊደል ይመስላል። ቆዳው አብጧል፣ ያብረቀርቃል። በስንጥር ጫፍ ሲነኩት እንደ ራሰ ወረቀት ይቀደድና ቡናማ ፈሳሽ ይወርዳል። ገና ትኩስ ሳለ ብዙም አይሸትም። ከመጀመሪያው የሚከረፋ ከሆነ ባክቴሪያን መጠርጠር ነው። ደርቆ ጠንክሮ ዱቄት የመሰለ ነገር ከለበሰ ፈንገስ ነው። አጠገቡ እንደ ሩዝ ፍሬ ያሉ ነጫጭ ድሮች ከተገኙ ወይም ቆዳው ክብ ሆኖ ከተበሳ የጥገኛ ተርብ ሥራ ነው። እነዚህን ሁሉ «በሽታ መታው» ብሎ በአንድ ስም መዝግቦ ማለፍ የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ እያንዳንዱ ለቀጣዩ ዓመት የሚተወው ነገር የተለያየ ነውና።

ከዚያ ቡናማ ፈሳሽ አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ አድርጎ በ400 እጥፍ ማየት ይበቃል። ቫይረሱ ራሱ በዚህ መሣሪያ አይታይም፤ የሚታየው የተደበቀበት የፕሮቲን ክሪስታል ነው። መጠኑ ከአንድ የሚሊ ሜትር ሺኛ ጥቂት ያንሳል ወይም ጥቂት ይበልጣል፤ የሚያብረቀርቅና እርስ በርሱ የሚመሳሰል ቅንጣት ነው። የስብ ጠብታም እንዲሁ ስለሚያብረቀርቅ ያሳስታል። መለያው ቀላል ነው፤ ከመስታወቱ ሽፋን ጠርዝ በኩል የተበረዘ ኮስቲክ ሶዳ ጠብ ማድረግ። የቫይረሱ ቅንጣት እዚያው እያዩት ይሟሟል፤ ስቡ ይቀራል። ምክንያቱም የክሪስታሉ መቆለፊያ የሚከፈተው እንደ ኮስቲክ ሶዳ ባለ ኃይለኛ አልካሊ ብቻ ስለሆነ ነው። የአባጨጓሬ አንጀት ፒኤች (የአሲድና የአልካሊ መለኪያ) 10 አካባቢ ነው፤ ይህም አልካሊ ማለት ነው፤ ቅንጣቱ ቅጠል ላይ ተቀምጦ ተበልቶ እዚያ ሲደርስ ይፈታና ቫይረሱ የአንጀቱን ሕዋሳት ይይዛል። በወፍ ሆድ ግን ሳይፈታ ያልፋል፤ የታመመ ትል የበላች ወፍ ከኩሷ ጋር በሕይወት ያለ ቫይረስ ሌላ ዛፍ ላይ ትጥላለች። በአንድ የጎለመሰ ትል ሬሳ ውስጥ የሚገኘው ቅንጣት አንድ ቢሊዮንና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ክሪስታሉ ለቫይረሱ ጎተራው ነው፤ ከዓመት ዓመት የሚያሻግረውም እሱ ነው።

የዚህ ጎተራ ትልቁ ጠላት ፀሐይ ናት። በቅጠል ገጽ ላይ በቀጥታ ፀሐይ የሚመታው ቫይረስ በአንድ ቀን አካባቢ ውስጥ ጉልበቱን በግማሽ ያጣል፤ እንደ ጮቄ ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚበረታ ፍጥነቱ ይጨምራል። በዛፍ ቅርፊት ስንጥቅ፣ በረገፈ ቅጠል ሥርና በአፈር ውስጥ ያለው ግን ይቆያል፤ በሽታው ወደ ቀጣዩ ትውልድ የሚሻገርበት የመጀመሪያው መንገድ ይህ ነው። በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ የዳግላስ ጥድ ደኖችን የሚያራቁት ጸጉራም አባጨጓሬ አለ፤ ኦርጊያ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣ ጥናት፣ ወረርሽኙ ካለፈ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ከደኑ አፈር የተወሰደ ናሙና አሁንም ትል የሚገድል ቫይረስ ተገኝቶበታል። ቅንጣቱ ከሸክላማ አፈር ጋር ስለሚጣበቅ ዝናብ በቀላሉ አጥቦ ወደ ታች አያወርደውም። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ግን አፈር ውስጥ ያለ ቫይረስ ብቻውን አይታመንም፤ ዛፍ ላይ የሚያወጣው ያስፈልገዋል። ኃይለኛ ዝናብ መሬት ነጥሮ ጭቃ ወደ ታችኛው ቅጠል ሲረጭ፣ ከብት አቧራ ሲያስነሣ፣ ጉንዳን ሬሳ ሲጎትት፣ ገበሬው ሲያርስ ቫይረሱ ከጎተራው ይወጣል። ለዚህ ነው ከመሬት ዝቅ ያለው ቅጠል ቀድሞ የሚመረዘው።

ሁለተኛው መንገድ የእንቁላሉ ቅርፊት ነው። ይህን በደንብ ያስተማረችው እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ገብታ የአገሩን የኦክ ደን ያራቆተችው የእሳት እራት ናት፤ ሳይንሳዊ ስሟ ሊማንትሪያ ዲስፓር ይባላል። ሴቷ በዛፍ ግንድ ላይ ብዙ መቶ እንቁላል በአንድ ክምር ትጥልና ከሆዷ በሚረግፍ ጸጉር ትሸፍነዋለች። ግንዱ ላይ ባለፈው ወረርሽኝ የሞቱ ትሎች ፈሳሽ ደርቆ ከቆየ ጸጉሩና ቅርፊቱ ይበከላሉ። በሚቀጥለው ዓመት ጫጩቱ ትል ቅርፊቱን አኝኮ፣ በጸጉሩ ውስጥ ሰንጥቆ ሲወጣ የመጀመሪያ ምግቡ ከነቫይረሱ ይሆናል። ወደ ዛፉ ጫፍ ወጥቶ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ይሞታል፤ ፈሳሹ ወደ ታች ባሉት ቅጠሎች ላይ ይንጠባጠባል፤ ያልታመሙት ወንድሞቹ ይበሉታል። ከዚያ ትልልቆቹ በሁለተኛ ማዕበል ያልቃሉ። ወረርሽኙን የሚሰብረው ይህ ሁለተኛው ማዕበል ነው፤ የተነሣው ግን ከጥቂት የተበከሉ እንቁላሎች ነው። ትሉ ከፍ ብሎ መሞቱም የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ጤነኛው ትል ቆዳውን ሊቀይር ሲል ከቅጠሉ ወርዶ ይደበቃል። ቫይረሱ ደግሞ ኢጂቲ የሚባል ጂን አለው፤ ቆዳ የሚያስቀይረውን ሆርሞን ያከሽፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዚሁ የእሳት እራት ላይ በተደረገ ሙከራ ይህ ጂን የወጣለት ቫይረስ ትሉን ከፍ ካለ ቦታ ላይ ማስቀረት አቅቶታል።

በሽታው የመጣው ከቅርፊቱ ይሁን ከእንቁላሉ ውስጥ መለየት የሚፈልግ የምርምር ጣቢያም ሆነ ኮሌጅ ሥራው ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄውን ግን ይፈልጋል። አንድን የእንቁላል ክምር ለሁለት መክፈል፤ ግማሹን በ10 በመቶ ፎርማሊን ለአንድ ሰዓት መዘፍዘፍ፤ ከዚያ በሚፈስ ውኃ ደጋግሞ አጥቦ በጥላ ማድረቅ። ሌላውን ግማሽ በንጹሕ ውኃ ብቻ እንዲሁ ማድረግ። ፎርማሊን ዓይንና ሳንባ ስለሚያቃጥል በጓንትና አየር በሚገባበት ቦታ ይሠራል። የተፈለፈለውን እያንዳንዱን ትል በየራሱ ኩባያ ማሳደግ። ያልታከመው ሞቶ የታከመው ከዳነ ቫይረሱ ቅርፊቱ ላይ ነበር፤ ሁለቱም ከሞቱ ከእናቲቱ ሆድ የመጣ ነው። ሥራው የሚበላሸው ሃያ ትል በአንድ ኩባያ ሲታጎር ነው፤ አንዱ ታሞ ሁሉን ይጨርስና ቁጥሩ ይዋሻል። በደንብ ያልታጠበ ፎርማሊን የገደለውን ትል ቫይረስ ገደለው ብሎ መቁጠርም አለ። ከደን ያመጡትን ቅጠል ሳያጥቡ መመገብ፣ በአንድ ብሩሽ ከኩባያ ኩባያ ማዛወር ሌሎቹ መንገዶች ናቸው። ዕቃውን በበረኪና ዘፍዝፎ ማጠብ ይህን ያስቀራል።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀን ነው። ትሉ ቫይረሱን በልቶ ላይሞት ይችላል። ያድጋል፣ ፑፓ (ትሉ ወደ እሳት እራት የሚለወጥበት ደረጃ) ሆኖ ይተኛል፣ የእሳት እራት ሆኖ ይበርራል፤ ምልክት የለውም፣ በማይክሮስኮፕም ቅንጣት አይታይበትም። ቫይረሱ ግን በሕዋሳቱ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ወደ እንቁላሉም ይተላለፋል። እንግሊዝ አገር ለዓመታት በላቦራቶሪ ሲረባ የኖረ የጥቅል ጎመን የእሳት እራት ጤነኛ ይመስል ነበር። የስኮትላንድን ጥድ ከሚያጠቃ ሌላ የእሳት እራት የተወሰደ ቫይረስ ሲመገብ ሞተ፤ ከሬሳው የወጣው ግን የተመገበው ሳይሆን የራሱ፣ ከወላጆቹ የወረሰው ቫይረስ ነበር። የተኛውን የሚቀሰቅሰው ሌላ ቫይረስ ብቻ አይደለም፤ መጨናነቅ፣ የምግብ መበላሸት፣ የአየር ጠባይ ድንገተኛ ለውጥ ሁሉ ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ከበሽታው የተረፉት የእሳት እራቶችም ብዙ ጊዜ ክብደታቸው ቀንሶ፣ እንቁላላቸው አንሶ ይታያሉ። ከትልቅ ወረርሽኝ በኋላ ደን ለተከታታይ ዓመታት ዕረፍት የሚያገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህ ለጎጃም ምን ያገባዋል የሚል ይኖራል። የእኛ ተምች ከሩቅ መጥቶ የሚወርድ ነው። ከኬንያና ከታንዛኒያ አካባቢ ዝናቡንና ነፋሱን ተከትሎ፣ ትውልድ እየቀየረ ወደ ሰሜን ይወጣል። ዝም ያለው ኢንፌክሽን በምሥራቅ አፍሪካ ተምች ላይ እንዳለ በምርምር ታይቷል፤ በእንቁላልም እንደሚተላለፍ ተረጋግጧል። ስለዚህ እንግዳው ሲመጣ ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣው፤ በሌሊት በርሮ ማሳችን ላይ እንቁላል የምትጥለው የእሳት እራት ልጆቿን የሚገድለውን በሽታ አብራ ልታመጣ ትችላለች። በአፈር ውስጥ መቆየት የማይመቸው፣ በየዓመቱ አገር ለሚቀይር ነፍሳት የተዘጋጀው ቫይረስ የሚተማመነው በዚህ መንገድ ነው። ገበሬው የሚያውቀው ጥቁሩ ተምች ደግሞ ተጨናንቆ ያደገው ነው፤ ተራርቆ የሚያድገው አረንጓዴ ነው። ጥቁሩ በሽታውን ከአረንጓዴው በተሻለ ይቋቋማል። በመሆኑም «በብዛት ከመጣ በሽታው ቶሎ ይጨርሰዋል» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ልክ አይደለም፤ በሽታው ብዙ ጊዜ የሚበረታው ወቅቱ ከገፋ፣ ጉዳቱም ከደረሰ በኋላ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበን እንምጣ። ማሳው ላይ የተንጠለጠሉ ሬሳዎች መታየት ከጀመሩ በኋላ ኬሚካል መርጨት ብዙ ጊዜ ሁለት ኪሣራ አለው። አንደኛ፣ የቀሩት ትላልቅ ትሎች በጥቂት ቀን ውስጥ ወይ በበሽታው ይሞታሉ ወይ አፈር ገብተው ፑፓ ይሆናሉ፤ መድኃኒቱ ባዶ ቅጠል ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ቫይረስ በልቶ ገና ሦስት ቀን የሆነው ትል በአራተኛው ቀን በኬሚካል ከሞተ ቢሊዮኑን ቅንጣት ሳያመርት ነው የሚሞተው። ከተያዘ እስከሚሞት እንደ ሙቀቱና እንደ ዕድሜው ከ4 እስከ 10 ቀን ይፈልጋል። ያን ጊዜ መንጠቅ ጎተራውን ሳይሞላ ማፍረስ ነው። ጎጃም የማር አገር ነው፤ በመስከረም አበባ ሰዓት በግዴለሽነት የተረጨ ኬሚካል በቀፎ ላይ የሚያደርሰውን ንብ አርቢው ይነግራችኋል። ይህ ቫይረስ ግን ንብ አይነካም፣ ከብት አይነካም፣ ሰው አይነካም።

ስለዚህ ከርጭት በፊት መቁጠር ይቅደም። ከማሳው አምስት ቦታ፣ ከየቦታው ሃያ ትል፣ በጠቅላላው 100 ትል በየራሱ ኩባያ ከንጹሕ ቅጠል ጋር ለሰባት ቀን ማቆየትና በቫይረስ የሞተውን በየቀኑ መመዝገብ። ገበሬው ሰባት ቀን ቆሞ ይጠብቅ ማለታችን አይደለም። ትናንሽ ትሎች ቡቃያውን እየጨረሱ ከሆነ በባለሙያ ምክር ይርጭ። ቆጠራው ግን ለጎረቤት ቀበሌና ለሚቀጥለው ወር ያገለግላል።

ሬሳ ሰብስቦ ጨምቆ መርጨትም በሌላ አገር ተሠርቶበታል። ብራዚል በአኩሪ አተር ተባይ ላይ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ገበሬዎችን አስተምራ በሰፊው ተጠቅማበታለች፤ መጠኑ ለአንድ ሄክታር 50 የጎለመሱ ሬሳዎች ነበር። ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ እኛ ተምች ማምጣት ግን ስህተት ነው። በታንዛኒያ በተምች ላይ በተደረጉት ሙከራዎች የተረጨው ለሄክታር አንድ ትሪሊዮን ቅንጣት ያህል ነው። በአንድ ሬሳ አንድ ቢሊዮን ብንይዝ 1,000 ሬሳ ይሆናል፤ ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 250 ማለት ነው። ሬሳው ከመፈንዳቱ በፊት በጓንት ይለቀማል፤ በትንሽ ውኃ ይወቀጣል፤ በሁለት እጥፍ ሻሽ ይጠለላል፤ ካልተጠለለ ቆዳውና ጸጉሩ የመርጫውን አፍ ይደፍናል። ለጥማዱ 50 ሊትር ውኃ፣ ባለ 15 ሊትር የጀርባ መርጫ ሦስት ሙሌት ከሲሶ ገደማ ይበቃል። ርጭቱ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ሌሊቱን ትሉ እየበላ ያድራል፣ ፀሐይም አታገኘውም። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የተረጨ ቫይረስ ትሉ ሳይበላው በቀትር ፀሐይ ይቃጠላል።

ቀሪዎቹ ስህተቶች የታወቁ ናቸው። ትሉ ከትንሽ ጣት ጫፍ ርዝመት ካለፈ በኋላ የሚገድለው መጠን ብዙ እጥፍ ስለሚጨምር ያኔ መርጨት ከንቱ ድካም ነው። የጨመቁትን በጀሪካን ፀሐይ ላይ ማቆየት ያበላሸዋል፤ ባክቴሪያ ይፈላበታል። አመድ ወይም ኖራ ያለበት ውኃ መጠቀም ክሪስታሉን ትሉ ከመብላቱ በፊት ሊፈታው ይችላል። በበቆሎ አናት ላይ አመድ የሚነሰንስ ገበሬ ሁለቱን አንድ ላይ አያድርግ። እ.ኤ.አ. በ2017 አገራችን ከገባው የአሜሪካ መጤ ተምች የተሰበሰበው ሬሳ ለነባሩ ተምች፣ የነባሩም ለመጤው ይሠራል ብሎ መገመት አይቻልም፤ እያንዳንዱ ቫይረስ በአመዛኙ የራሱን ትል ነው የሚያውቀው። ጥሬ ለሚበላ አትክልት ደግሞ ይህን ዓይነት ቤት የተጨመቀ ነገር አትርጩ፤ ከሬሳው ጋር የሚመጣው ባክቴሪያ ሌላ ጉዳይ ነው። ከራስ ማሳ አልፎ ማከፋፈልና መሸጥ ደግሞ ምዝገባ ይጠይቃል።

በደኑ በኩል የምንጠይቀው ከዚህ ይቀልላል። በቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን ቅጠሉ በአባጨጓሬ ሲራቆት ዛፉ ሥር ያለውን የረገፈ ቅጠል ጠርጎ ማቃጠል ንጽሕና ይመስላል፤ የሚቃጠለው ግን የሚቀጥለው ዓመት መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በሬሳ የታጀለ ግንድ ቢቀፍም ይቆይ፤ ቅርፊቱ ላይ እንቁላል የምትጥለው የእሳት እራት ለልጆቿ የምታወርሰው እሱን ነው። በአዊ በኩል ብዙ ገበሬ ዲከረንስ በሚባል የግራር ዓይነት ዛፍ ሲተዳደር ቆይቷል፤ ዛፉ በጥቂት ዓመት ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፣ ቅሪቱም መሬቱ ላይ ይቃጠላል። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ በቆመበት፣ አፈሩም በየዙሩ በሚቃጠልበት መሬት ቅጠል በል የእሳት እራት ቢነሣ የሚያቆመው በሽታ መከማቻ አያገኝም ብለን እንሰጋለን። ከመሬቱ ጠርዝ ጥቂት የአገር በቀል ዛፍና ያልተቃጠለ የረገፈ ቅጠል ንጣፍ መተው ብዙ መሬት አይወስድም።

ለጋዜጣውና ለየወረዳው የእፅዋት ጥበቃ ባለሙያ የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ በሚቀጥለው የተምች ሪፖርት ላይ ከሄክታሩና ከሊትሩ ጎን አንድ መስመር ይጨመር። ከ100 ትል ስንቱ እንደ «ለ» ተንጠልጥሎ ተገኘ? የተገኙት ሬሳዎች ክዳን ባለው ትንሽ ብልቃጥ፣ ውኃ ሳይጨመርበት፣ ቀበሌው፣ ቀኑ፣ የተገኘበት ተክልና ከመሬት ያለው ከፍታ ተጽፎበት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። በደኑም እንዲሁ ይደረግ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በጎጃም በደንና በእፅዋት ጥበቃ ሙያ የተሰማራን ባለሙያዎች